አዳማ ስሟን ከሥሩ እየነቀለች ነው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። የፀሐዩን ነገር የአዳማን ሰው ጠይቁት። አንድ አይሱዙ ዘንባባ ጭኖ አቧራውን እያቦነነ መጣ። ችግኝ እንዳልለው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሥሩ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ቅጠሉ እንደ ሙሽራ ጠጉር ተጎንጉኖ ታስሯል። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው መኪናውን በዓይናቸው ሸኙትና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጥላ አለው እንዴ?» አሉኝ። «እንጃ አባባ፣ ለውበት ነው መሰለኝ» አልኳቸው። «ውበቱንስ እሺ፤ ፀሐዩን ማን ሊይዝልን ነው?» ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

እኔም ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

እስቲ ከስሟ እንጀምር። አዳማ የሚለው ስም «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል እንደመጣ ይነገራል። አዳሚ ማለት ቁልቋል ነው፤ ያ ግንዱ ወፍራም፣ ቅርንጫፉ እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የተዘረጋ፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት የሚያፈስ ዛፍ። (ፍሬው የሚበላው የባሕር ቁልቋል ሌላ ነው። እሱ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።) ወደ ባቱ፣ የድሮዋ ዝዋይ፣ መንገድ ስትወርዱ ደግሞ አዳሚ ቱሉ አለች። የቁልቋል ኮረብታ እንደማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ስምጥ ሸለቆ የኖሩ አባቶች ቀያቸውን የሰየሙት በሹም ስም አልነበረም፤ በዛፍ ስም ነበር።

ከዚያ በንጉሡ ዘመን ከተማዋ ናዝሬት ተባለች። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ትሁን ሲባል አዳማ የሚለው ስም በይፋ ተመለሰ። በ1997 ዓ.ም. ዋና ከተማነቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ስሙ እዚያው ቀረ። በዚህ ስም ላይ ስንት ቀለም ፈሰሰ! ናዝሬት ያለና አዳማ ያለ ጎራ ለይቶ ተኮራረፈ። በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ ሲጣራ ተሳፋሪው «አዳማ በል!» ብሎ ሲቆጣው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚገርመው ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ለመሆኑ ዛፉ የት ነው?» ሲል አልሰማሁም። ስሙን አስመለስን አሉ፤ ባለ ስሙን ግን በዶዘር ገፉት። ዛሬ መሃል አዳማ ያደገ የአሥር ዓመት ልጅ «ቁልቋል አሳየኝ» ብትሉት ወዴት እንደሚወስዳችሁ እኔም አላውቅ። ድሮ የግቢው አጥር ሁሉ ቁልቋል ነበር ይላሉ ነባሮቹ። ዛሬ አጥሩ ብሎኬት ነው፤ ላዩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ።

ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ አንዱን ስወቅስ ሌላው ንጹሕ ይመስላልና። ሦስት ቀን ሙሉ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በአራተኛው ቀን አንድ ባለሙያ አገኘሁ። ጋዜጠኛ መሆኔን ስነግረው ፊቱ ዳመነ፤ የየትኛው ጋዜጣ እንደሆነ ስነግረው ደግሞ ጭራሽ ጠቆረ። «በከተማው ውስጥ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ተቆጥረው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኛ የምንቆጥረው የተተከለውን ነው» አለኝ። ሰውየው ሳያስበው እውነቱን ተናገረ። የተተከለ ይቆጠራል፣ ሪፖርት ይደረጋል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። የተቆረጠ አይቆጠርም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሰምቷል። ከዚያ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እንደ ጠላት ይታያል።

ባለሙያው ሲሸኘኝ «ደግሞስ ሕዝቡ ዘይትና ጤፍ ተወዶበት አንተ ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ታወራለህ?» አለኝ። ይህ አባባል ብዙ ሰው ዘንድ ስላለ ዝም ብዬ አላልፈውም።

የወፉን ነገር ካነሳን ሕንድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሕንድ ገበሬ ለታመመ ከብቱ ዳይክሎፌናክ የሚባል ርካሽ የሕመም ማስታገሻ መስጠት ጀመረ። ከብቱ ሲሞት ጥንብ አንሳ ይበላዋል፤ መድኃኒቱ የወፉን ኩላሊት ይገድለዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋና ዋናዎቹ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከመቶ ከዘጠና አምስት እጅ በላይ አለቁ። ማን አዘነላቸው? መላጣ፣ አስቀያሚ፣ ጥንብ በሊታ! ነገር ግን ጥንቡ ሜዳ ላይ ተከመረ፣ ውሃው ተበከለ፣ ውሻ ተራባ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታወቀ የኢኮኖሚ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው በዚህ ጦስ እንደሞተ አስልቷል። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከረፈደ በኋላ ነው። በእኛ አገር በየቄራው ላይ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ገብቷል። ጅቡንስ ቢሆን? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት የመቀሌ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የእንስሳት ጥንብና ጥራጊ ጠርገው እንደሚበሉ፣ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት እንደሚያግዙ አሳይቷል። የማዘጋጃ ቤት ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ አበል የማይጠይቁ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው እንግዲህ። ጤፍ የተወደደበት ሰው ሕክምናም ተወዶበታል፤ ወፉ በነፃ የሚሠራለትን ሥራ በገንዘቡ ሊገዛ ነው?

ስለ ወፍ ካወራን አይቀር አንዲት ነገር ልጨምር። ስምጥ ሸለቆው የወፎች አውራ ጎዳና ነው። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር በኩል በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ንስር፣ ጭልፊት፣ ሽመላና የመሳሰለው በአየር እየተንሳፈፈ ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል። እኛ ደግሞ በዚሁ ጎዳና ላይ፣ ከአዳማ በላይ ባለው ኮረብታ፣ መጀመሪያ 34 ቀጥሎም 102 የነፋስ ተርባይኖች ተክለናል። የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። መብራቱን አልጠላሁም፤ ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት በመብራት ነው። ነገር ግን ከምሰሶዎቹ ሥር የሚወድቀው ወፍ የሚመዘገብበት ደብተር ካለ ሕዝብ ይየው፤ ከሌለም ይጀመር። ይሄ ምን ያህል ወጪ ነው? አንድ ሰው፣ አንድ ደብተር።

ወደ ዛፉ ልመለስ። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ገበቴ ናት። አፈሯ ልል ነው፤ አመድና አሸዋ የበዛበት የእሳተ ገሞራ አፈር። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከኮረብታው ተንደርድሮ መሃል ከተማ ይገባል፣ ሱቅ ይሞላል፣ አልጋ ያንሳፍፋል፤ በማግስቱ ሰዉ በአካፋ ደለል ሲያወጣ ይውላል። በየዓመቱ ዲች ይቆፈራል፣ በየዓመቱም ዲቹ ይደፈናል። ያንን ኮረብታ ይዞት የነበረው ምን ነበር? ግራሩና ቁልቋሉ፣ ቁርቁራውና ቁጥቋጦው ነዋ! ዛሬ ዛፉ ለከሰል፣ ድንጋዩ ለካባ፣ ቀሪው ለቦታ ምሪት ሆኗል። ኮረብታውን እራቁቱን አስቀርቶ ከታች በሲሚንቶ ቦይ ጎርፍ እገታለሁ ማለት ጣሪያውን አፍርሶ ባልዲ እንደመደርደር ነው። እዚያ ኮረብታ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁልቋል የማዘጋጃ ቤት ንብረት ተብሎ ቁጥር ሊሰጠው በተገባ ነበር። ውሃ አጠጡኝ አይልም፣ ፍየል አትበላውም፣ ድርቅ አይበግረውም፣ ንብ አበባውን ይቀስማል። ዘንባባውን ግን በቦቴ ውሃ እያጠጣን ነው፤ የሰፈሬ ሰው በጄሪካን ተራ በሚጠብቅበት ከተማ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታረምልኝ። ዘንባባ ክፉ ዛፍ ነው አላልኩም። በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ አዳማ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሻሸመኔ ሲወርድ የእግረኛ መንገዱና መብራቱ ለሕዝቡ የሚጠቅም መሆኑን አይቻለሁ፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይጠይቃል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በክልሉ ባንዲራ መሃል ኦዳ ተስሏል። በባንዲራው ላይ ኦዳ እየሰቀልን በመንገዱ ላይ ዘንባባ የምንተክለው ለምንድን ነው? ከኦዳ ሥር ስንት ሸንጎ ተቀምጦ ስንት ሕግ ወጥቷል። ከዘንባባ ሥር የሚቀመጥ ሽማግሌ ግን ጥላውን ተከትሎ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሲዞር መዋሉ ነው።

ገርቢን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሞጆ ወደ መቂ ስትሄዱ በገበሬው ማሳ መሃል ተራርቆ የቆመው ትልቁ ዛፍ እሱ ነው። ተአምሩ ምን መሰላችሁ? ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም ገርቢ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በጋ መጥቶ ሌላው ሲደርቅ እሱ ለምለም ይሆናል። ስለዚህ ሰብሉ ላይ ጥላ አይጥልም፣ የረገፈው ቅጠል ማዳበሪያ ነው፣ ሥሩ ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል፣ ፍሬው በበጋ ለከብቱ መኖ ይሆናል። የሉሜና የቦራ ገበሬ ይህን ያወቀው ዲግሪ ኖሮት አይደለም። አያቱ «ይህን አትቁረጥ» ስላለው ነው። ለከተማ መንገድ ደግሞ በበጋ ሐሩር ጥላ የሚሰጥ፣ በክረምት ብርሃን የሚለቅ ዛፍ ከየት ይመጣል? ደጃፋችን ላይ አለ። ግን «የውጭ» የሚል ታርጋ ስለሌለው ጨረታ ውስጥ አይገባም። በጨረታ የሚገዛ ነገር ደግሞ… እዚህ ላይ ላቁም፤ የገባው ገብቶታል።

የባቱን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ባቱ ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ የሚቆምበት ቦታ የሄደ ሰው አባ ኮዳው እንደ ጡረተኛ ዳኛ ካባውን ደርቦ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቅ፣ ፔሊካኑ ከአጥማጆቹ እግር ሥር ሲርመሰመስ ያያል። ጎብኚ ፎቶ ያነሳል፣ ልጆች ሳንቲም ያገኛሉ። ከተማው የሚጠጣው ውሃ ከዚሁ ሐይቅ ነው። የአበባ እርሻው የሚስበውም፣ የቲማቲምና የሽንኩርት ፓምፑ የሚመጠው፣ ፀረ ተባይ ታጥቦ የሚገባበትም ከዚሁ ነው። ወደ ሐይቁ የሚገቡት መቂና ከታር ወንዞች ገና ሳይደርሱ በመንገድ ይጠለፋሉ። ከሐይቁ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢያታ ይወርዳል። አቢያታ መውጫ የለውም፤ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ላይኛው ሲጠግብ ታችኛው ይኖራል፤ ላይኛው ሲስገበገብ ታችኛው ይሞታል። አቢያታም እየሞተ ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል፤ ላይ ውሃው ተጠለፈ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ተቀዳ። ጎረቤቱ ሻላ ጥልቅ ነው፣ ዓሣ ግን እዚህ ግባ የሚባል የለውም። ስለዚህ ፔሊካኖቹ በሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉና ዓሣ ፍለጋ ወደ አቢያታ ይመላለሱ ነበር፤ ቤታቸው እዚህ፣ ጓዳቸው እዚያ። አቢያታ ሲመነምንና ጨው ሲበዛበት ዓሣው አለቀ። ጓዳው ባዶ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በተከለለ ቦታ ውስጥ ነው። ከሐይቆቹ አጠገብ የሚያልፈው አስፋልት ዳር ደግሞ የፓርኩ ግራር ከሰል ሆኖ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሮ ይሸጣል። ገዢው ማን ነው? እኛ ነን። ከሐዋሳ ስንመለስ መኪና አቁመን «ስንት ነው?» የምንለው እኛው የከተማ ሰዎች። የአዳማ ቡና የሚፈላው በአቢያታ ግራር ነው።

ቆቃም ጎረቤታችን ነው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲጠናቀቅ የአገር ኩራት ነበር። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ የሚገባው እዚያ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ሲወጣ አገር ጮኸ፣ ወጣቱ በእጁ ሊነቅል ዘመተ፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን እምቦጭ በቆቃና በአዋሽ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ከጣና ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ! ያኔ አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው ወጥቶ ቢነቅለው ኖሮ ስንቱ ወጪ በቀረ። የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ ወደ አፋር የተዛመተው ፕሮሶፒስም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በረሃ ያለማል ተብሎ ገባ፣ ግጦሹን ዋጠው። አፋሮች «ደርጊ ሀራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል። ያላጠኑትን ዛፍ በዘመቻ መትከል ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ቢሾፍቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፋት፤ ሐይቆቿን ሪዞርት ከቦ ሕዝቡ ውሃውን በአጥር ቀዳዳ የሚያይባት ከተማ ሆናለች።

ታዲያ ሕግ የለም እንዴ? አለ እንጂ! ችግራችን የሕግ እጦት ሆኖ አያውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢውን የሚነካ ፕሮጀክት ሲታቀድ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ትልልቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጡት ተጽዕኖ ይገምገም ይላል። ተከታዩ አዋጅ ቁጥር 300 ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ቆርጣችሁ ኪሳችሁ ያዙት። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳዩ በግል የሚነካው መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ አካል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። የወንዙ ባለቤት መሆን የለብህም፤ ወንዙ ሲሸትህ ይበቃል ማለት ነው። አገሪቱ የዓለም የብዝኃ ሕይወት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ1994 አጽድቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ላይ በጸደቀው ማዕቀፍም ከተሞች አረንጓዴና ውሃማ ቦታዎቻቸውን እንዲያሰፉ የሚል ዒላማ ተቀምጧል። በየሆቴሉ ወርክሾፑ ይካሄዳል፤ ባነሩ ይሰቀላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይፈረማል። አዳማ ደግሞ የወርክሾፕ ከተማ ናት፤ ስንቱ የአካባቢ ጥበቃ ስብሰባ የተካሄደው እዚሁ ነው! ተሰብሳቢው ከአዳራሹ ወጥቶ ኮረብታውን ቀና ብሎ ቢያይ አጀንዳውን ያገኘው ነበር።

የሚቻል መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ናይሮቢ ትበቃለች። ከከተማው ውስጥ ያለውን የካሩራ ደን ባለጊዜዎች ተከፋፍለው ቤት ሊሠሩበት ሲሉ ዋንጋሪ ማታይ የተባለች ሴት ችግኝና አካፋ ይዛ ሄደች። እ.ኤ.አ. በጥር 1999 በተቀጠሩ ወሮበሎች ተደብድባ ራስዋ ደማ። ተማሪው ተነሳ፣ ጋዜጣው ጮኸ፣ ደኑ ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደች። ዛሬ ከ1,000 ሄክታር በላይ የሆነው ካሩራ የናይሮቢ ሰው የሚሮጥበት፣ ልጁን የሚያዝናናበት ደን ነው። እኛም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ 705 ሄክታር የሚሸፍን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አቋቁመናል፤ ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው። አዳማ ሩቡን ያህል እንኳ የላትም። ከኮረብታዎቿ አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ከካባና ከምሪት ነፃ አድርጎ የቁልቋልና የግራር ማደሪያ ማድረግ የሚከለክል ምን አለ? ችግኙን የሚያፈሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የሚያጠና ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የሚጠብቅ ሥራ አጥ ወጣት ሞልቷል።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ ጸሐፊ እንጂ የዛፍ ሊቅ አይደለሁም። ስለዚህ ለአዳማ ከተማ አስተዳደር ከዚህ ጽሑፍ ጋር አራት ጥያቄ በደብዳቤ ልኬያለሁ። በኮሪደር ሥራው ስንት ነባር ዛፍ ተቆረጠ? ለዘንባባ ግዢና ለውሃ ማጠጫ ስንት ብር ወጣ? ኮረብታዎቹ ላይ ስንት የካባ ፈቃድ ተሰጥቷል? በከተማው ክልል ውስጥ ስንት ቁልቋል ቀርቷል?

የአራተኛውን መልስ ሽማግሌው ቀድመው ሰጥተውኛል። ከሻይ ቤቱ ስንነሳ ከዘራቸውን ወደ አንድ ያልፈረሰ አሮጌ ግቢ አቅንተው «ያቻትና፣ አንዲት አለች» አሉኝ። አጥሩ ጥግ ላይ፣ አቧራ ለብሳ፣ ክንዶቿን ወደ ላይ ዘርግታ ቆማለች። ግቢው ላይ ግን በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ከማዘጋጃ ቤቱ መልስ ከመጣ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን፤ ካልመጣም አለመምጣቱን በሚቀጥለው ሳምንት እንጽፋለን።